ቢጫው ፎጣ

በስዊዘርላንዷ በርን ከተማ ተወልዶ ያደገ ሰው በርንን አይጎበኝም። የሰዓቱ ማማ ሲደውል ቀና አይልም፤ የከተማዋን ድቦችም የሚያያቸው የዙሪክ ዘመድ ሲመጣበት ብቻ ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ማክሰኞ ከማስጎበኛቸው እንግዶች መሀል ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ በእኛው ከተማ አነጋገር፣ በእኛው ጉተታ "ይቅርታ፣ ልለፍ" ሲል ስሰማው ጆሮዬ ቆመ። በመጀመሪያው ማክሰኞ ዝም ብዬ አለፍኩት። በሁለተኛው ተመልሶ መጣ። በሦስተኛው ከሁሉም ፊት ቆመና ደብተር አወጣ።

ሬጉላ እባላለሁ። ሰው እያስከተልኩ እነዚህን ድንጋዮች ስረግጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በዚያ ሰኔ ከቢሮአችን ደብዳቤ ደርሶን ነበር። ከመኸር ጀምሮ ጆሮ ላይ የሚሰካ ማሽን አብዛኛውን ጉብኝት ይረከባል፤ ከአራታችን የሚቀሩት ሁለት አስጎብኚዎች ብቻ ናቸው፤ ማን እንደሚቀር ለመወሰን ራሱን የማያስተዋውቅ ተመልካች በየጉብኝቱ ይላካል ይላል። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ከዚህ ብነሳ ማን ይቀጥረኛል? ደግሞ እውነቱን ልናገርና፣ ከእንጀራው የባሰብኝ ሌላ ነው። ከእነዚያ እንግዶች በቀር ወሬዬን ቆሞ የሚሰማኝ ሰው የለኝም።

"እሱ ነው" አልኩት ባሌን፣ ማታ ድንች እየላጥን። "የላኩት ሰላይ እሱ ነው።"

ባሌ ኒክላውስ ጡረታ የወጣ የትራም ነጂ ነው፤ እስከ ዛሬ ፌርማታ የደረሰ ይመስል ከመናገሩ በፊት ቆም ይላል። "ሰላይ ከሆነ ሰነፍ ሰላይ ነው" አለኝ። "አንቺ ካየሽው ምኑን ሰለለ?"

"ሦስት ጊዜ መጥቶ ደብተር ይዞ ፊቴ ተገትሯል እኮ!"

"ወዶሽ ይሆናላ።"

"አንተ ደሞ! ሰባ ያለፈው ሰውዬ?"

"ዓይኑ ደከም ብሎ ይሆናል። እኔም ስወድሽ ዓይኔ ያን ያህል ደህና አልነበረም።"

የድንች ልጣጭ ወረወርኩበት። እሱ ሳቀ፣ እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ቢሮ ሄድኩ። አለቃዬ ሬቶ ልጄ ሊሆን የሚችል ጎረምሳ ነው። ደህና ልጅ ነው፤ ግን ሰውን ቀና ብሎ ማየት አይችልበትም።

"ሬቶ፣ ያ የምትልኩት ተመልካች ባርኔጣ ያደርጋል?"

"እትዬ ሬጉላ፣ እባክዎ። ይህን ልነግርዎ አልችልም።"

"ያደርጋል ወይስ አያደርግም?"

ሬቶ አቀርቅሮ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። ለእኔ ይሄ በቂ መልስ ነበር።

ከዚያ በኋላ አፌን ሰበሰብኩ። ደብዳቤው "ትክክለኛ መረጃ" የሚል ቃል ነበረበት፤ እኔ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀልድ ስሸጥ ነው የኖርኩት። ልጅ የሚበላው ሰውዬ ሐውልት ያለበት ምንጭ ጋ ስደርስ፣ "ይህ ሰውዬ ወደ አምስት መቶ ዓመት ሙሉ ምሳ ላይ ነው፤ የበርን ሰው ቶሎ አይበላም" እል ነበር። ተውኩት። የሰዓቱ ማማ ላይ ያለው ቂል አሻንጉሊት ሰዓቱ ሳይሞላ ደወሉን ይደውላል፤ "በዚህ ከተማ የሚቸኩለው እሱ ብቻ ነው፣ እሱም ቂል ስለሆነ ነው" እል ነበር። እሱንም ዋጥኩት። በቦታቸው የተሠሩበትን ዓመተ ምሕረት፣ ቁመት፣ ክብደት ደረደርኩ።

ሽማግሌው እርሳሱን ከደብተሩ በላይ እንዳንጠለጠለ ጠበቀ፤ ጠብቆ ጠብቆ ደብተሩን ዘጋ። ነጥብ ቀነሰብኝ ብዬ ሌላ ዓመተ ምሕረት ጨመርኩ።

ጥያቄውም ጤነኛ አልነበረም። "ይህ ደረጃ በትክክል ስንት መርገጫ አለው?" ይላል። በሱቆቹ ፊት ባለው ባለምሰሶ ጣሪያ ስር ስንሄድ ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ በእጁ ይነካል፤ ፍጥነቴን እየለካ ነው አልኩ። ፓርላማው ጀርባ ካለው ሰገነት ላይ ቆመን ሳለ ደግሞ ተራሮቹ እንደዚያ ወለል ብለው እየታዩ፣ "ከዚህ ምን እንደሚታይ እስቲ ይንገሩን" አለኝ። እንደ ተማሪ ሊፈትነኝ! "ኤይገር፣ ሞንክ፣ ዩንግፍራው" ብዬ ከፍታቸውን በሜትር አነበነብኩለት። ድሮ ሦስቱን የምገልጻቸው ውርስ ሲካፈሉ ተጣልተው ጎን ለጎን እንደተቀመጡ እህትማማቾች አድርጌ ነበር።

በአራተኛው ማክሰኞ ቀይ ጫማ ያደረገች አንዲት ወጣት ሴት ስለ ድቦቹ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። ዓይኔ ከሽማግሌው ደብተር ላይ ስላልተነሳ "ሰሌዳው ላይ ተጽፏል" ብዬ አለፍኳት።

ጉብኝቴ የሚያልቀው ማርዚሊ ነው። ከፓርላማው ጀርባ በትንሿ የገደል ባቡር እንወርድና፣ የበርን ሰው በጋውን የሚያሳልፍበት ወንዝ ዳር ሣሩ ላይ እንቆማለን። ሰው ልብሱን እዚያው ጥሎ በዋና ልብስ ሽቅብ ይራመዳል፤ ከላይ ዘሎ ይገባና ውኃው ይዞት ይወርዳል፤ ዳር ዳሩን ከተተከሉት ቀይ የብረት መያዣዎች አንዱን ጨብጦ ይወጣል። ከመጨረሻው ብረት በታች ግድብ ነው፤ ያንን ያለፈ ሰው ጨዋታው አልቋል። እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ የምላት አንዲት ንግግር አለችኝ፦ "እዚህ ቦርሳችሁን ሣር ላይ ጥላችሁ ውኃ ትገባላችሁ። ስትመለሱ እንደተዋችሁት ታገኙታላችሁ፤ ማንም አይነካውም። በሌላው ባታምኑን በዚህ እመኑን።" እሷን ብቻ አልተውኳትም፤ ቀልድ አይደለችማ።

በአምስተኛው ማክሰኞ ይህንኑ ብዬ እንግዶቼን ካሰናበትኩ በኋላ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ የቋጠርኩትን ዳቦ በአይብ መብላት ጀመርኩ። ሽማግሌው አልሄደም። ባርኔጣውን አወለቀ፣ ሸሚዙን አወለቀ፤ ልብሱንና ደብተሩን ቦርሳ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ቦርሳውን ሣር ላይ በመጣል ፈንታ በትልቅ ቢጫ ፎጣ ጠቀለለው፣ ወንዙ አፋፍ ድረስ ሄደና ከመጨረሻው ቀይ ብረት ላይ አሰረው! ቋጠሮውን ሁለቴ ሳብ ሳብ አድርጎ ሞከረና ሽቅብ ተጓዘ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። የበርን ሰው ዕቃውን አያስርም። አባቴ አላሰረም፣ እናቴ አላሰረችም፤ የሚያስረው ገና ትናንት የመጣ ቱሪስት ነው። የኛ ሰው ሆኖ ያሰረ እንደሆነ የሚደብቀው ነገር አለው ማለት ነው። ምን ይደብቃል? የኔን ጉድ የጻፈበትን ደብተር። ደሜ ፈላ። ላይ ደርሶ በውኃው እስኪመለስ ሠላሳ ደቂቃ እንደሚፈጅበት አውቃለሁ። ግራ ቀኜን አየሁ። ሁሉም የራሱን ገላ ፀሐይ ያስመታል።

ቋጠሮውን ፈታሁት። ሃያ ሁለት ዓመት ማንም አይነካውም ስል የኖርኩት ሴትዮ፣ የሰው ቦርሳ ከነፎጣው ታቅፌ ከትልቁ ዛፍ ጀርባ ተወሸቅሁ።

ደብተሩ በትልልቅ ፊደል ነው የተጻፈው፤ አንድ ገጽ ላይ ከአምስት መስመር አይበልጥም። "ልጅ በላው ምንጭ። ወደ አምስት መቶ ዓመት ምሳ ላይ ነው፤ የበርን ሰው ቶሎ አይበላም" ይላል የመጀመሪያው። ከስሩ "ሳቅሁ" ብሎ ጽፎበታል። ገለጥኩ። "ከካቴድራሉ በር እስከ ምንጩ መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ፣ ግድግዳው በቀኝ እጅ።" ይሄ ምን የሚሉት ሪፖርት ነው? እንደገና ገለጥኩ።

"ሐኪሙ፣ ዓይንህ እስከ ገና ቢቆይልህ ነው አለኝ። ሰባ ስድስት ዓመት ኖሬባት ይህችን ከተማ አይቻት አላውቅም። በሴትዮዋ አፍ ልያዛት። ሲጨልምብኝ በእሷ ወሬ እሄድባታለሁ።"

ክው አልኩ። እጄ ግን መግለጡን አልተወም።

"ዛሬ አልቀለደችም። ቁመትና ዓመት ብቻ። ይሄማ መጽሐፍ ላይም አለ። ታማ ይሆን? ብጠይቃት ትቆጣ ይሆናል።"

የመጨረሻው ገጽ የዚያን ቀን ነው፤ ፊደሉ ከሁሉም ይልቃል። "ቀይ ቀለም ጨርሶ ጠፋ። ብረቶቹ አይታዩኝም። ቢጫ ግን ገና ይታየኛል። ፎጣውን መጨረሻው ብረት ላይ አስራለሁ፤ እሱን አይቼ እወጣለሁ።"

ፎጣው ጉልበቴ ላይ ነበር።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ጫማዬ አንዱ ዛፉ ስር ቀርቷል፣ የሰው ፎጣና የሰው ምሳ እየረገጥኩ በረርኩ። አፋፉ ላይ ስደርስ መሀል ውኃው ላይ ነጭ ጭንቅላት እየመጣ ነው። አንገቱን ወደ እኔ ዳርቻ አዙሮ ይፈልጋል። አንዱን ብረት አለፈ። ሌላውን አለፈ። ፎጣውን አወናጨፍኩለት፤ ብረቱ ላይ ያልታሰረ ፎጣ ሣሩን ከሞላው ሰውና ፎጣ ሁሉ መሀል በምን ይለያል? አላየኝም። ፊቱ ላይ ፍርሃት አየሁ፤ ያንን ፊት እስክሞት አልረሳውም።

ያለኝ ድምፄ ብቻ ነው። ከትራም ጩኸት ጋር ሃያ ሁለት ዓመት የታገለ ድምፅ ነው።

"ጌታዬ! ሬጉላ ነኝ! አስጎብኚዋ! ወደ ግራ ይዙሩ! ወደ ድምፄ ይዋኙ፣ ይዋኙ! አሁን በስተግራዎ፣ አሥር ቀዘፋ ያህል... አምስት... እጅዎን ይዘርጉ፣ ብረቱ እፊትዎ ነው!"

ሰው ሁሉ ቆሞ አየን። ሽማግሌው ዞረ፣ ቀዘፈ፤ እጁ አንዴ ሳተው፤ በሁለተኛው ጨበጠው። ሁለት ጎረምሶች ከእኔ ጋር ጎትተው አወጡት። ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ ለረጅም ጊዜ ተነፈሰ።

"ፎጣዬ ተፈታ መሰለኝ" አለ በመጨረሻ። "ሁለቴ ነበር ያሰርኩት።"

ነፋስ ነው ብል ያልቅ ነበር። ማን ያውቃል? ፎጣውን ትከሻው ላይ አደረግኩለት።

"አልተፈታም። እኔ ነኝ የፈታሁት። ቢሮው የላከብኝ ሰላይ መስለውኝ ደብተርዎን ሰርቄ አነበብኩ።" እንባዬ መጣ። "ልገድልዎ ነበር።"

ፎጣውን ትከሻው ላይ ሳብ አደረገ። 

"ሁሉንም አነበቡት?" አለኝ።

"ሁሉንም።"

"እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ነው የምልሽ። ደብተሬን ያነበበች ሴት አንቱ አትባልም። ቴዎፊል እባላለሁ።" ጨበጠኝ፤ እጁ እንደ በረዶ ነበር። "ቀልዱን ያስተውሽ እኔ ነኝ ማለት ነው?"

"አዎ።"

"ደንቆሮ!" አለኝ። ቦርሳውን ከዛፉ ጀርባ አምጥቼ ስሰጠው ልብሱን ለበሰና ደህና ዋይ ሳይለኝ ሄደ። በሚቀጥለው ማክሰኞ አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። ቀልዶቼን መለስኳቸው፤ እንግዶቹ ሳቁ፤ እኔ ባርኔጣ ስፈልግ ዋልኩ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሬቶ ጠራኝ። ወረቀቱን ሳያነሳ ወደ እኔ ገፋው። ተመልካቿ በአራተኛው ማክሰኞ መጥታ ነበር። "አስጎብኚዋ ዓመተ ምሕረትና ቁመት በሚገባ ታውቃለች። ይህን ማሽኑም ያውቃል። ጥያቄ ስትጠየቅ ዓይኗ ሌላ ቦታ ነበር" ይላል።

"ቀይ ጫማ አድርጋ ነበር አይደል?" አልኩት።

ሬቶ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። "በጣም አዝናለሁ፣ እትዬ ሬጉላ። እስከ መስከረም መጨረሻ ነው።"

ማንን ልውቀስ? እሷማ ያየችውን ጻፈች። ቤት ገብቼ ለኒክላውስ ነገርኩት፤ እሱም ለአንድ ምሽት ሳይቀልድ አመሸልኝ።

የመጨረሻዬ ማክሰኞ ብርድ ብርድ ይል ነበር። ሰዓቱ ማማ ስር ስድስት እንግዶች ጠበቁኝ፤ ሰባተኛው ቢጫ ፎጣ አንገቱ ላይ ጠምጥሟል። ደብተር አልያዘም። ሰላምታም አልሰጠኝም። ቀልዱ ቦታ ስደርስ ግን እንግዶቹ ከመሳቃቸው በፊት እሱ ሲስቅ እሰማለሁ። ሰገነቱ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ተራሮቹን ከነጥላቸው፣ ከነደመናቸው፣ ከነውርሳቸው ጠብ አንድ በአንድ ነገርኩት።

ማርዚሊ ወረድን። ሣሩ ላይ ቆሜ አፌን ከፈትኩ፣ ያቺ ንግግር ግን አልወጣ አለችኝ። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"እኔ ልበልላት" አለ ቴዎፊል ወደ እነሱ ዞሮ። "እዚህ ቦርሳችሁን ጥላችሁ ውኃ ትገባላችሁ። ማንም አይነካውም። የነካው እንደሆነ ደግሞ ራሱ መጥቶ ይነግራችኋል።"

እንግዶቹ ያልገባቸውን ቀልድ ሳቁለት። ሲሄዱ ልብሱን አወለቀ፤ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ዘጋው። ፎጣውን ብረቱ ላይ አላሰረም። አጣጠፈና ከነቦርሳው አስታቀፈኝ።

"ቢጫውም ከዓይኔ ሄዷል" አለኝ። "ብረቱ ጋ ቁሚና ጥሪኝ።"

"ቴዎፊል፣ ውኃው እኮ ይቀዘቅዛል!"

"ጩኺ ብቻ። ቦርሳዬን ደሞ እንዳትከፍቺ።"

መንገዱን በእግሩ እየዳሰሰ ሽቅብ ሄደ። ለሠላሳ ደቂቃ ቦርሳውን በሁለት እጄ ታቅፌ መጨረሻው ብረት አጠገብ ቆምኩ። ከዚያ ነጩ ጭንቅላት ከወንዙ ላይኛው ድልድይ ስር ብቅ ሲል፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጉብኝቱን ጀመርኩለት።