ለሻርዳ ዓምድ የለም

ትሪኒዳድ ውስጥ ሃያ ዓመት በነርስነት የሠራችው ዮላንድ እንደ ሻርዳ ኦገስቲን ያለች ችኮ ልጅ ገጥማት አታውቅም። የዶክተር ሙንጋል ጥናት ወጣት ሴቶችን ለስድስት ሳምንት የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ ያስጋልባል፤ አንድ ደቂቃ ባለ በሌለ ኃይል፣ አንድ ደቂቃ እፎይ፣ አሥር ጊዜ። ከዚያ የህንድ ዘሮችና የአፍሪካ ዘሮች ትንፋሽ እኩል ይጠነክር እንደሆነ ይለካል። መዝገቡ ሁለት ዓምድ ነበረው። ሻርዳ ሁለቱም ላይ ምልክት አደረገች።

«አንዱን ምረጪ እንጂ» አላት ዶክተሩ።

«ዱግላ ነኝ ዶክተር። እናቴ ህንድ፣ አባቴ ጥቁር። የትኛውን በር ላይ ልተወው?»

«ካልመረጥሽ አትቆጠሪም።»

«እንግዲያው ሳልቆጠር እጋልባለኋ!»

ጋለበችም። ጎርፍ መንገዱን በዘጋበት ሰኞ እንኳ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ደረሰች። ሌሎቹ ስምንተኛው ዙር ላይ ሲዝሉ «ኧረ በይ ሪታ! ያን ሽምብራ የሞላ የዳብልስ ቂጣ ስትሰለቅጪ እንዲህ አትደክሚም!» እያለች እያሳቀች ታስጨርሳቸዋለች። ዮላንድ ወደደቻት፤ ከመውደድም አልፋ ኮራችባት። ለማይቆጠርለት ነገር እንዲህ የሚለፋ ሰው ከየት ይገኛል?

በመጨረሻው ቀን ሁሉም ተለኩ። የህንዶቹም የጥቁሮቹም ጭማሪ እኩል ሆነ፤ ሻርዳ ግን ሁሉንም በለጠች። ዶክተሩ ወረቀቱን ደጋግሞ አየና ብዕሩን አነሳ።

«ከጥቁሮቹ ጋር ላስገባሽ። ውጤታቸው ያምራል።»

«ሳለከልክ ቦታ አልነበረኝም፣ ስበልጥ ተገኘልኝ? አይሆንም ዶክተር! እንደሆንኩት ይቁጠሩኝ። ለዱግላ ዓምድ ይክፈቱ።»

«አንዲት ሴት ዓምድ አትሞላም፣ ልጄ።»

ሻርዳ ላቧን ጠርጋ ወጣች።

በቀጣዩ ሰኞ ማለዳ ዮላንድ የክሊኒኩን በር ስትከፍት ደረጃው በልጃገረዶች ተሞልቷል። የአንዷ ጸጉር ሉጫ፣ የሌላዋ ከርዳዳ፤ ሁሉም የስፖርት ጫማ አድርገዋል። ሻርዳ ከፊት ቆማለች።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ሰው?» አለች ዮላንድ።

«የአክስት ልጆች፣ ጎረቤት፣ የጎረቤት ጎረቤት። ሁላችንም ዱግላ። አሥራ ዘጠኝ ነን፣ እትዬ።»

ዶክተር ሙንጋል ከመኪናው ወርዶ ደረጃው ሥር ቆመ። የሚያልፍበት ቦታ አጣ። አንድ በአንድ አያቸው፤ አንዳቸውም ንቅንቅ አላሉም።

«ዮላንድ» አለ በመጨረሻ፣ «እስቲ ማስመሪያ አምጪልኝ።»