በሦስት ጣት የረዘመው ሰደፍ

ዘመናትን በመዳፉ የያዘ፣ ሰው ልኩን ስቶ የሚቈርጠውን ሁሉ አስቀድሞ የሚያውቅ እግዚአብሔር፣ ይህንንም ያውቃል።

በካውካስ አገር፣ በስዋኔቲ ተራሮች፣ በድንጋይ ግንብ ውስጥ፣ የጠመንጃ ሰደፍ በመሥራት የታወቀ ጊቫርጊል የሚሉት ሽማግሌ ነበረ። ጕልበቱን ቍርጥማት ቢይዘውም እጁ አልደከመም ነበር። በበጋው ሙቀት አንድ ልጁ ሶዛር የአያቱን ጠመንጃ ይዞለት መጣ።

«አባዬ፣ ይሄ ሰደፍ እኮ የሕፃን ማንኪያ ነው የሚመስለው። ቆላ ያሉት ወታደሮች ትከሻቸው ላይ ነው የሚያስደግፉት። እኛ ብቻ ጉንጫችን ላይ እንለጥፋለን።»

«እስከ ዛሬ የጎረስከው በዚያ ማንኪያ ነው።»

«አሁንማ አደግሁ።»

ሽማግሌው ሳቀ፤ ይህን ልጅ እምቢ ማለት አያውቅበትም። ከአሮጌው ሰደፍ ላይ አዲስ የገውዝ እንጨት ቀጠለ፤ መጋጠሚያውንም በቀጭን ብር አሰረው። ልጁን በሸሚዝ ብቻ አቁሞ ለካና ሦስት ጣት ጨመረለት። አባቶች ሰደፉን ስለ ምን እንዳሳጠሩት በዚያ ሙቀት ትዝ አላለውም።

በመኸር በረዶ ወረደ፤ ድብም ከግንቡ በታች ከሚፈሰው ወንዝ ማዶ ያለውን በረት ሰበረ። ሶዛር ጠመንጃውን አንሥቶ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ጊቫርጊል ወደ ግድግዳው ቢመለከት፣ የበግ ጠጉሩ ካባ ከተሰቀለበት የለም። ካባው ሁለት ጣት ይወፍራል። በሸሚዝ የተለካ ሰደፍ ለካባ እንደማይሆን ያን ጊዜ ገባው።

ግድግዳ እየተደገፈ መስኮቱ ዘንድ ደረሰ። ከማዶ ድቡ በሁለት እግሩ ቆሟል።

«ሶዛር፣ ካባውን ጣለው! ካባውን!»

ወንዙ ድምፁን ዋጠው። ልጁ ጠመንጃውን ወደ ትከሻው ሲያነሣ የሰደፉ ጫፍ በካባው እጥፋት ተሰነቀረ። ጐተተው፤ ደግሞ ጐተተው። ጥይቱ ወደ ሰማይ ሄደ፤ ድቡም ልጁ ላይ ወደቀ። ሽማግሌው የመስኮቱን ድንጋይ ይዞ ከማየት በቀር የሚያደርገው አልነበረውም።

ጎረቤቶች ድቡን አባረው ልጁን በዚያው ካባ ተሸክመው አመጡት። ነፍሱ ገና አልወጣችም።

«አባዬ፣» አለ፣ «ድቡ ጠመንጃውን ረገጠው እኮ። መጋጠሚያው ግን አልለቀቀም። ጥሩ አድርገህ ነው የሠራኸው።»

ጊቫርጊል የልጁን ራስ ታቅፎ፣ ትንፋሹ እየተራራቀ ሄዶ እስኪያቆም ድረስ አደመጠ።

አንባቢ ሆይ፣ ከደጅህ የወጡትን በሰላም ይመልስልህ፤ ለልጆችህ የምትሰጠውንም ነገር ልኩን ያሳይህ፤ ቤትህን ይጠብቅልህ፤ አሜን።