የእግር ቤቱ ሰዎች

እነዚህ ሰዎች ምን ይሆን የሚንሾካሾኩት? እማማ ልጃቸውን ከቀበሩ አራተኛ ቀናቸው ነው፤ አራት ቀን ሙሉ ይህንኑ ራሳቸውን ቢጠይቁ መልስ አላገኙም። በሩ ሥር ፍራሽ ላይ ተቀምጠው የገባውን ሁሉ «ያጥናችሁ» በጆሯቸው ይቀበላሉ፤ ዓይናቸው ግን ከማዶው ጥግ አይነቀልም። እዚያ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌና ጀሶ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ያወራሉ። ጀሶ የሟች ረዳት ነው፤ እጁም ጸጉሩም ዘወትር በጀሶ ዱቄት እንደነጣ ስለሚውል ስሙ በዚያው ቀረ። የሟች ልጅ፣ የእማማ የልጅ ልጅ፣ ሻይ ይዛ ስትቀርብ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ስትርቅ ይቀጥላሉ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ አሉ እማማ በሆዳቸው። ልጅቷን ሊወስዱብኝ ነው።

ልጃቸውንም እንዲሁ ነበር የወሰዱባቸው። ከባሕር ማዶ የመጣች አንዲት ረጅም ሴት፣ በአደጋም በበሽታም እግራቸውን ላጡ ሰዎች ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት ቤት ከፈተች፤ ሰዉ «እግር ቤት» ይለዋል። ያን ጊዜ ልጃቸው ገና ጎረምሳ ነበር። ለአንድ ሳምንት ዕቃ ያውርድልኝ ብላ ወሰደችው። ሳምንቱ ሠላሳ ዓመት ሆነ። አርጅታ ወደ አገሯ ስትመለስ ቁልፉን ለእሱ ሰጠችው፤ የአገሯ ሰዎችም ኃላፊነቱን የሚሸከም የቦታው ሰው እስካለ ድረስ ዕቃ እንልካለን አሉ። ይልካሉ፤ አንዳንዴም ይረሳሉ። አንድ ዓመት ሣጥኑ ሲከፈት ከላይ እስከ ታች የግራ እግር ብቻ ሆኖ ተገኘ። እማማ በቃህ፣ ዝጋው ሲሉት ልጃቸው ሳቀ።

«ወዳጆቻችንም እንደኛው ግራ ገብቷቸዋል ማለት ነው። እንጸልይላቸው እንጂ።»

ጸለየም። ከጸሎቱ ተነሥቶ የቀኙን ከእንጨት ይጠርብ ጀመር። የጸሎት ቤቱ ምዕመናን ማሰሪያ ይሁን ብለው ቀበቷቸውን እየፈቱ ሰጡት፤ አንዳንዱ ሱሪውን በእጁ ጨብጦ ነው ቤቱ የገባው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሣጥን ሳይመጣ ሲቀር እንኳ ያ ቤት ተዘግቶ አልዋለም።

ይህ ሁሉ ሲወራ ደስ ይላል። እማማ የሚሰማቸው ግን የልጃቸው ሳል ነው። ልጃቸው ፕላስቲኩን በሞረደ ቁጥር የሚቦነው ብናኝ ደረቱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፤ ሐኪሙም ያንኑ ነው ያለው። ልጅቷ ደግሞ ከአባቷ ጠረጴዛ ሥር ነው ያደገችው። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ለአንድ ልብስ ሰፊ ሰው ሠራሽ ጉልበት ብቻዋን ገጥማ አስኬደችው። እማማ ያን ዕለት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። አሁን ሌላ ከተማ፣ አክስቷ ዘንድ፣ ብናኝ የማይገባበት ቢሮ ውስጥ ሥራ አግኝተውላታል። ለቅሶው እንደተነሣ ትሄዳለች። እስከዚያ ማንም አፉን እንዳይከፍትባት ነው ጭንቃቸው።

ረፋዱ ላይ ጀሶ ከኪሱ ፖስታ አውጥቶ ለሽማግሌው ሲያቀብል አዩ። የማዶ ደብዳቤ መሆኑን ከቴምብሩ ለዩት። ከዚያ ወዲያ መታገሥ አልቻሉም።

«አንተ ጀሶ፣» አሉ። «ልጄን በልታችሁ አልጠገባችሁም? አሁን ደግሞ በልጅቷ ላይ ትዶልታላችሁ? ከእሷ በቀር ሥራውን የሚያውቀው እንደሌለ መቼ ጠፋኝ።»

ሽማግሌው ቀስ ይበሉ ብለው ሊያረጋጓቸው ሞከሩ። እማማ ደብዳቤው ይነበብ አሉ። ሽማግሌው ሳይገልጡት ነገሩን በቃላቸው ተናገሩ። የማዶ ሰዎች የሟች ሕመም እንደጸና ሰምተው፣ ከእሱ በኋላ ቤቱን ማን ሊመራው ነው ብለው ጠይቀዋል። ሽማግሌውና ጀሶም ሰው የለንም ብለው ሊጽፉ፣ ተራ የሚጠብቁትንም በየመጡበት ሊሸኙ ነው የሚመክሩት። ጀሶ የእግሩን ልክ ማውጣት እንጂ ገጥሞ ማስኬድ አይችልም።

«እሷን ሳትጠይቁ?» አሉ እማማ። ቃሉ አምልጧቸው ነበር።

«አስምሎናላ፣ እማማ፣» አለ ጀሶ። «ሊያርፍ ሦስት ቀን ሲቀረው። ልጄን አትጠይቋት፣ እናቴን ሁለት ጊዜ አላቃጥላትም ብሎ። እንዳትሰማ ብለን ነው ስንንሾካሾክ የከረምነው። እኛ አልነገርናትም።»

ልጅቷ ከጓዳው ደፍ ላይ ቆማ ነበር።

«ስንት ሰው ነው የሚጠብቀው?» አለች።

ጀሶ መሬት መሬቱን እያየ ዘጠኝ መሆናቸውን ነገራት። ከዚያ ማቆም አልቻለም። «አንዱ ጫማ ገዝቶ መጥቷል። ሁለቱንም።»

ልጅቷ የያዘችውን ትሪ መሬት አስቀመጠች። ነጠላዋን ወደ ላይ ሰብስባ አሠረች። ለቀስተኛው ዳርና ዳር እግሩን እያጠፈ አሳለፋት። በሩን የዘጋው የእማማ እግር ብቻ ነበር። ደርሳ ቆመች፤ አልተሻገረችውም። እማማ ቀና ብለው አዩአት። ስለ ብናኙ ሊነግሯት ፈልገው ነበር። ጎንበስ ብለው አንዱን እግራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሰበሰቡት፤ ቀጥሎም ሌላውን።

ልጅቷ ወጥታ ወደ እግር ቤቱ አመራች።