ከአሥር ሁለት ቃል

በሞሮኮዋ የሳፊ ከተማ ካሉት የሴቶች እግር ኳስ ቡድኖች በአንዱ ቱሪያ የምትባል ተከላካይ ነበረች። በቴስታ የሚያህላት አልነበረም። «ኳስ ከላይ ስትመጣ ጭንቅላቷ ይቀድማል፤ ሐሳቧ በኋላ ይደርሳል» ይሏታል ጓደኞቿ።

ዘንድሮ ቡድኑ ሐኪም ቀጠረ፤ ዶክተር ነዝሃን። እሳቸውም አዲስ ሕግ አመጡ። ውድድሩ ሳይጀመር እያንዳንዷ ተጫዋች አሥር ቃላት ሰምታ ከአምስት ደቂቃ በኋላ መድገም አለባት። በውድድሩ መሐል ጭንቅላቷን የተመታች እንደገና ትፈተናለች፤ ውጤቷ ከመጀመሪያው ካነሰ ሦስት ሳምንት ታርፋለች።

አምበሏ ሻይማ ለሕጉ መላ ለማግኘት አልዘገየችም።

«ዛሬ ደደብ ሁኑ» አለቻቸው መልበሻ ክፍል ውስጥ። «ዛሬ ጎበዝ ነኝ ያለች፣ ተመትታ ስትፈዝ ትያዛለች። መሬት የተኛ የት ይወድቃል?»

ሁሉም አምስት ስድስት ቃል ብቻ አስታወሱ። ቱሪያ ግን ጥንቁቅ ናት። ሁለት ብላ አቆመች።

በማግስቱ ዶክተሯ አስጠሯት።

«ልጄ፣ ይሄ ብዙ የተመታ ጭንቅላት ውጤት ነው። ራባት ሄደሽ እስክትመረመሪ ቴስታ የለም። እሁድም አትጫወቺም።»

እሁድ የብሔራዊ ቡድኑ መልማይ ይመጣል፤ ለእሷ ሲል እንደሚመጣም ተነግሯታል።

«ዶክተር፣ እውነቱን ልንገርዎት? አውቄ ነው የረሳሁት።»

ዶክተሯ ጻፉ። ቱሪያ ከጠረጴዛው ማዶ ሆና የተገለበጠውን ጽሑፍ አነበበችው፦ ሕመሟን አታምንም።

«ይጠይቁኝ እንጂ!» አለችና አሥሩንም ቃላት አንድ ሳታስቀር ዘረገፈቻቸው።

«ምን ይደንቃል? ከትናንት ጀምሮ መልበሻ ክፍሉ በሙሉ ሲዘምራቸው ነው የዋለው። እኔም በቃሌ ይዣቸዋለሁ።» ዶክተሯ ከመሳቢያቸው ሌላ ወረቀት አወጡ። «ይሄኛውን ግን ማንም አልሰማውም።»

አዳዲስ አሥር ቃላት ቀስ ብለው አነበቡላት። ቱሪያ በዚህኛው አልቀለደችም፤ ከንፈሯን ነክሳ፣ ልቧን ሰብስባ አዳመጠች። አምስቱን ደቂቃ ዶክተሯ ስለ እናቷ ጤና ሲጠይቋት ቆዩ።

«በይ እሺ።»

«ቁልፍ፣ ዝናብ፣ ወንበር... ሎሚ።»

አምስተኛው ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ጠበቀችው። አልመጣም። ሌሎቹማ ጭራሽ የተነበቡላትም አልመስል አላት።

ዶክተሯ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«አሁንም አውቀሽ ነው?»

ቱሪያ እጆቿን ጠረጴዛው ሥር ደበቀች።

«አዎ፣ ዶክተር» አለች። «አውቄ ነው።»