ሰባ አንድ ዲግሪ

አባዬ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነው። ያነሳውን ሁሉ የሚያስቀምጠው ኮሪደሩ ጫፍ ያለችው ዕቃ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ጥቁር ሳጥን ላይ ነው። ሳጥኑ ከዋይፋዩ ጋር በኬብል ተያይዞ ሁለት ሃርድ ዲስክ ሲያሽከረክር ይውላል። እኛ ሰርቨሩ እንለዋለን፤ ሰሞኑን ግን ስሙ በሽተኛው ሆኗል። ሙቀቱ ሰባ አንድ ዲግሪ ሲደርስ ድርግም ብሎ ይጠፋል።

የዚያን ዕለት አርብ፣ የአንዲት ሙሽራ ሠርግ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ሌላ ቅጂ የለም። አባዬ የካሜራውን ካርድ አጥፍቶ ሌላ ሠርግ አንስቶበታል (አዎ፣ አውቃለሁ፤ እማዬም የሚበቃውን ብላዋለች)። የሙሽራዋ እናት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልትወስድ ትመጣለች። ፎቶውን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ አራት ሰዓት ይፈጃል፤ ሳጥኑ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ሁለቴ መሃል ላይ ጠፍቷል። ወንድሜ ለሦስተኛ ጊዜ ከጠፋ ዲስኩ ራሱ ሊበላሽ ይችላል አለ። ሲናገር ትንሽ ደስ ያለው ይመስል ነበር።

ወንድሜ ኮምፒውተር ስለተማረ ሰፈሩ ኢንጂነሩ ይለዋል፤ እሱም አልተቃወመም። ወር ሙሉ አቧራ ጠረገ፣ አዲስ ፋን ገጠመ፣ ሳጥኑን ከግድግዳው አራቀ። ጠፋ ሲባል ከአልጋው ተነስቶ፣ አዛግቶ፣ ተንጠራርቶ እዚያ እስኪደርስ ሳጥኑ ለብ ብሎ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የሚዋሸው ሙቀት መለኪያው ነው ብሎ ደመደመ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወንድሜ ደግሞ ወረቀትም አለው፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

እኔ አፌን ስከፍት "አንቺ ገና ትናንት ከትምህርት ቤት የወጣሽ" ይሉኛል። እሺ ብዬ ስልኬን ይዤ ጥጌን ያዝኩ። ሰርቨሩ እኮ የየሰዓቱን ሙቀት ይመዘግባል፤ ማንም ከፍቶ አላየውም እንጂ። በስልኬ ከፈትኩት። ሰላሳ ስምንት፣ ሰላሳ ዘጠኝ፣ ሰላሳ ስምንት። ማክሰኞ ጠዋት ሽቅብ። አርብ ጠዋት ሽቅብ። ያለፈው ሳምንትም ማክሰኞና አርብ፣ የዚያኛውም እንደዚያው። ቀን ቆጥሮ የሚመጣ ምን ዓይነት በሽታ ነው? ማክሰኞና አርብ ኢንጂነሩ አርፍዶ ይነሳል፣ እሱን ግን ሁልጊዜም ያደርገዋል። ማክሰኞና አርብ አክስቴ ዳቦ ትጋግራለች።

አክስቴ የአባዬ እህት ናት፤ ከእኛ ጋር እየኖረች ለሰፈሩ ሱቅ ዳቦ ታስረክባለች። ዕቃ ክፍሉን ቀስ ብዬ ከፈትኩት። ሰርቨሩ አናት ላይ የሊጥ ሳፋ ጉብ ብሏል። የአባዬ አሮጌ ካፖርት ከነእጅጌው ተጠምጥሞበት፣ ሳጥኑንም ፋኑንም ሸፍኖ መሬት ደርሷል። ሊጡ ኩፍ ብሎ ክዳኑን ገፍቶታል፤ ይመችህ።

አክስቴ ከኋላዬ ደረሰች። እነ አባዬ ሲመጡ እንዴት አያዩትም አልኳት። ለካ ወንድሜ አንዴ ከመንገድ ዞር በይ ብሏት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ኮቴያቸውን ስትሰማ ሳፋዋን ታነሳለች፣ ሲወጡ ትመልሳለች። የሰው ሥራ ላለማደናቀፍ። ጨዋነት እንዲህ ቤት ያፈርሳል።

"ታዲያ ሊጥ ብርድ ላይ ኩፍ ይላል?" አለችኝ። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ "ደሞስ ያ ሳጥን ይሞቃል፣ ሊጥሽን እዚያ አድርጊው ያለችኝ ማን ሆነችና?"

እኔ ነኝ። የዛሬ ወር እዚያ ላይ ካልሲዬን ሳደርቅ አግኝታኝ፣ አፌ አላርፍ ብሎ ነው።

ሳፋውን ከነካፖርቱ ተሸክመን የወንድሜ ጌም መጫወቻ ኮምፒውተር ላይ አስቀመጥነው፤ እሱም እንደ ምድጃ ነው የሚግለው። ከዚያ አባዬን ጠርቼ ካፖርቱና ሊጡ የት እንደነበሩ ነገርኩት። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ቅጂው እንደገና ተጀመረ። እኔ ዕቃ ክፍሉ በር ላይ ወንበር ዘርግቼ ዘበኛ ሆንኩ። አርባ ዲግሪ። አርባ አንድ። አርባ።

የሙሽራዋ እናት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በር ስታንኳኳ ሰማንያ ሰባት ከመቶ ላይ ነበርን። ሰርቨሩ አርባ ላይ ነው፤ ሰባ አንድ የገባው አባዬ ነበር። ስለ ፎቶው ብርሃን፣ ስለ ሙሽራዋ ፈገግታ፣ ስለ አየሩ ቀባጠረ። ወሬው ሊያልቅበት ሲል አክስቴ ትኩስ ዳቦ ይዛ ገባች። ሴትየዋ አንድ ቆረሰች፣ ደገመች፣ ሦስተኛውን እያላመጠች እንዴት እንዲህ ለሰለሰ አለች። አክስቴ ዓይኗን በጨው አጥባ ሙቀቱ ነው አለቻት። አራተኛው ላይ መቶ ሞላ።

ሴትየዋ ዲስኳን ይዛ እንደወጣች አባዬ ወደ አክስቴ ዞረ። "ሊጡን እዚያ አድርጊ ያለሽ ማነው?"

አክስቴ እኔን አየችኝ።

"ራሴ ነኝ ያገኘሁት" አለችው።

ከዚያ ወጥ ቤት ጠርታ፣ ሊጥ ዙሪያውን የደረቀበትን ሳፋ አስታቀፈችኝ። እስከ መቼ ነው የማጥበው አልኳት።

"ማክሰኞና አርብ" አለችኝ፣ ጥያቄዬን ሰምታ እንዳልሰማች።

ከወዲያ ክፍል ኢንጂነሩ ኮምፒውተሬ ዛሬ ከወትሮው በላይ ሲግል ዋለ እያለ ፋኑን ሲፈታ ይሰማ ነበር።