በእሳት ላይ ያለ ድርሻ

ትእዛዙ ድርሻ ነው የሚለው፣ ምድጃ አይልም፣ ጡብም አይልም፣ ሲያነበው ይሄ ሦስተኛው ነው፣ አንዴ ታክሲ ውስጥ፣ አንዴ የግቢው በር ላይ፣ አሁን ደግሞ እዚሁ ጭሱ መሀል ቆሞ፣ የፍርድ ባለዕዳው በሽርክናው ውስጥ ያለው ድርሻ ለፍርድ ባለመብቷ እንዲያዝ፣ ይኸው ነው፣ ፊርማ፣ ማኅተም፣ አለቀ። ሴትዮዋ ግን የጡብ መተኮሻውን ምድጃ አፍ በጣቷ እያሳየችው ነው። እሱን እሸግልኝ ጋሼ፣ እሱን ካላሸግክልኝ ይሄ ሰውዬ ጡቡን ጭኖ ይጠፋል፣ አራት ወር ሙሉ እንጨቴን ሳይከፍለኝ እያነደደ ሲሞቅ የከረመ ሰው ነው። የፍርድ ባለመብቷ እሷ ናት፣ እንጨት ነጋዴ፣ ድምፅዋ ከመጋዝ የተማረ ይመስላል፣ ቦርሳዋን ብብቷ ስር ሸጉጣ ነው የምታወራው።

አይመልስላትም። ለማንም አይመልስም። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ማስፈጸም ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ከወረቀቱ ያለፈ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፣ መሥሪያ ቤት ዝምታው ብለው ይጠሩታል፣ የማያውቅ ይመስላቸዋል፣ ያውቃል። አንብብ፣ አስፈርም፣ ሂድ። ሰው ሲያለቅስ ግድግዳ ተመልከት። ግድግዳ ከሌለ ጫማህን።

እዚህ ግድግዳ የለም። ያለው ምድጃው ነው፣ ቤት ያክላል፣ ዙሪያውን በጭቃ ተለስኗል፣ ከሥሩ አራት አፍ፣ በአራቱም እሳት፣ ከአናቱ ጭስ፣ ጭሱ ነጭ። አሁንም ነጭ? ተወው፣ አንተ ምን አገባህ።

ባለዕዳው ከሁለተኛው አፍ ፊት አልተነሳም። ፍሙ ይሉታል፣ ቅንድብ የለውም፣ እሳት ከወሰደበት ቆይቷል። ታላቅ ወንድሙ መሬቱንና ምድጃውን አመጣ፣ እሱ እሳት ማወቁን ብቻ አመጣ፣ ተሻረኩ፣ ሠሩ፣ ተጣሉ፣ ታላቅየው ሽርክናው ይፍረስልኝ ብሎ ከሰሰና ከዚህ ቀረ፣ ፍርድ ቤቱ ደግሞ ክርክሩ እስኪያልቅ ሥራውንም ንብረቱንም የሚይዝ ባለአደራ ሾመ፣ ባለአደራው ያ ነው፣ ጫማው አቧራ እንዳይነካው በእግሩ ጣት የሚራመደው፣ የሂሳብ ሰው፣ ጨዋ፣ የንብረት ዝርዝሩን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎታል።

በበኩሌ ተቃውሞ የለኝም ጌታው፣ ይላል ባለአደራው፣ ቢታሸግ እንዲያውም ለጥበቃ ይቀለኛል፣ ዝርዝሬ የተሟላ ነው፣ ተራ ቁጥር ዐሥራ አንድ፣ ያለቀለት ጡብ፣ አርባ ሺህ፣ በምድጃ ውስጥ።

ያለቀለት።

አላለቀም ብዬዋለሁ፣ ይላል ፍሙ ሳይዞር፣ ከትናንት ወዲያ ነገርኩት፣ ትናንት ነገርኩት፣ ዛሬ ገና አራተኛ ቀኑ ነው፣ ሦስት ቀን ይቀረዋል፣ እንጨት ግዛልኝ አልኩት፣ ላለቀ ዕቃ እንጨት አይገዛም አለኝ፣ እንጨቴ ያቻትና፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ታልቃለች። ባለዕዳ ምን የማይለው አለ፣ ትላለች ነጋዴዋ። ባለአደራው አንገቱን ይነቀንቃል፣ እኔ ራሴ በምድጃው ቀዳዳ አይቻለሁ እኮ፣ ቀይ ነው፣ ጡብ ደግሞ ቀይ ነው።

በቀዳዳው አይቶ። ለእሳቱ የቀረበውን ሁለት ረድፍ አይቶ። የላዩ ገና ላቡ እየወጣ ነው፣ ያ ነጭ ጭስ አይደለም፣ እንፋሎት ነው፣ ጭቃው ውሃውን እየተፋ፣ ይህን ለማወቅ ሂሳብ መማር አያስፈልግም፣ ስምንት ጡብ በአናትህ ተሸክመህ መሮጥ ይበቃል፣ ዐሥራ ሁለት ዓመትህ ሆኖ፣ ጨርቅ ጠቅልለህ፣ ከጠዋት እስከ ቀትር ጡቡ ጨርቁን ይበላል፣ ከቀትር በኋላ ራስህን። ዝም በል አሁን።

የዚያን ጊዜው ምድጃም ጭስ ነጭ ነበር። እናቱ ጭቃ ትረግጣለች፣ እሱ ይሸከማል፣ የሚከፈላቸው ጡቡ ወጥቶ ሲሸጥ ነው፣ በአራተኛው ቀን አንድ ኮት የለበሰ ሰው መጣ፣ ወረቀት አነበበ፣ አሸገ፣ ሄደ። ዝናብ መጣ። ሲከፈት ውስጡ ጭቃ ነው። እናቱ አንድ እፍኝ አንስታ አየችውና መልሳ አስቀመጠችው፣ ቀስ ብላ፣ የሚሰበር ይመስል። ያን ክረምት ምን በልተው እንዳለፉ አያስታውስም፣ ውሸት፣ ያስታውሳል። ሰውየውን ግን አልጠላውም፣ ነገሩ ይሄ ነው፣ ማንም አልጮኸበትም፣ አለቃው እንኳ፣ ያ በእናቱ ላይ እንደ ውሻ የሚጮኸው አለቃ፣ መንገድ ለቀቀለት። ኮቱን ወደደው። እንደሱ እሆናለሁ አለ። ሆነ። ጥሩ አድርጎ ሆነ።

ማሸግ አልችልም፣ ይላታል።

እንዴት አትችልም?

ምድጃው በባለአደራው እጅ ነው፣ የባለአደራው እጅ የፍርድ ቤቱ እጅ ነው፣ ፍርድ ቤት የያዘውን እኔ ደግሜ አልይዝም። የተያዘልዎ ድርሻው ነው እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከሽርክናው ለእሱ ይደርስ የነበረው ለእርስዎ ይደርሳል። ይኸው፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ ጌታው።

ባለአደራው ይፈርማል፣ ቀኑን ይጽፋል፣ ሰዓቱን ሳይቀር። ሥራህ አለቀ። አስፋልቱ ሰባት ደቂቃ ነው፣ ከምሳ በፊት ቢሮ ትገባለህ። ሂድ እንጂ። የምን ድርሻ ነው ግን ያስረከብካት፣ ማታ ላይ እሳቱ ሲጠፋ የጭቃ ድርሻ፣ እሷ ባዶ እጇን፣ ፍሙ ዕዳው እንዳለ ሆኖ፣ ነገ ሌላ ትእዛዝ ይወጣል፣ የፍሙን ቤት፣ የፍሙን አልጋ፣ ይዞ የሚሄደውም ያው አንተ፣ ግድግዳ እያየህ። ወረቀቱ ላይ የለም፣ አዎ የለም፣ ያ ኮት የለበሰው ሰውዬም ወረቀቱ ላይ ስለሌለ ነው ትቶት የሄደው፣ ምናልባት እሱም አውቆ ነው፣ ምናልባት ጭሱን አይቶ፣

የምድጃው መሰላል ላይ ነው። መቼ ወጣ። ጋሼ ወዴት ነው፣ ትላለች ነጋዴዋ ከታች። ኮትዎ፣ ኮትዎ፣ ይላል ባለአደራው። እግሩ የእርከኑን ጥጉን ጥጉን ይረግጣል፣ መሀሉን አይረግጥም፣ ሳይነግሩት፣ ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ሊሞላ ነው፣ እግር አይረሳም ማለት ነው። የምድጃው አናት የሞቀ አልጋ ያህል እንኳ አይፋጅም። አፈሩን ገለጥ አድርጎ ከዳር አንድ ጡብ በእጅጌው ይዞ ይወርዳል፣ ጉልበቱ ይንቋቋል፣ ፍሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሳቱ ዞሯል።

እጅ መታጠቢያው ባልዲ ውስጥ ይከተዋል። አራቱም ባልዲው ላይ ያጎነብሳሉ። መጀመሪያ አረፋ። ከዚያ ጠርዙ፣ ሻይ ውስጥ እንደገባ ስኳር፣ ከዚያ ጎኑ፣ ከዚያ ጡብ የሚባል ነገር የለም፣ ድፍርስ ውሃ ነው።

ተራ ቁጥር ዐሥራ አንድ፣ ይላል ዝምታው።

ፍሙ ነው ቀድሞ የሚስቀው፣ እየሳለ፣ ጉልበቱን እየመታ። ባለአደራው ባልዲውን ያያል፣ ዝርዝሩን ያያል፣ እንደገና ባልዲውን። አንድ ልቀንስ? ይላል፣ ለቀልድ አይደለም ሰውየው። ከዚያ ይገባዋል፣ ፊቱ ላይ ሲገባው ይታያል፣ መቅላቱ ከጆሮው ይጀምራል። እኔ እኮ ቀይ ነው ብዬ፣ ይላል ለራሱ።

የት ነው የሠሩት ጋሼ? ፍሙ ነው።

ልጅ ሆኜ፣ ተሸካሚ ነበርኩ። ይኸው ወጣ። ሃያ ስድስት ዓመት፣ ሚስቱ እንኳ በደንብ አታውቅም፣ ምንም አልሆነም፣ ሰማይ አልተደፋም፣ ፍሙ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ እንጨት ይጨምራል።

ነጋዴዋ ቦርሳዋን ከብብቷ አውጥታለች። እሳቱ ዛሬ ከጠፋ እኔ የያዝኩት ይሄን ነው?

ይሄን ነው።

ሦስት ቀን ቢነድስ?

ሦስት ቀን ቢነድ፣ ይላል ፍሙ፣ አንዱን ባንዱ ብትመቺው እንደ ደወል ነው የሚጮኸው እትዬ።

አንተን አላናገርኩህም! ዞር ትላለች፣ ተመልሳ ትዞራለች፣ ፊቷ ላይ ጥያቄው ሲሄድና ሲመጣ ይታያል። እንግዲህ ያልከፈለኝን እንጨት እንዲከፍለኝ ሌላ እንጨት ልስጠው? ሰው ምን ይለኛል፣ ለይቶላታል አይሉም?

ከጀመረ አይቀር ይናገር፣ አንድ ጊዜ ተናግሯል። ለእሱ አይደለም የሚሰጡት፣ ለባለአደራው ነው፣ ንብረቱ እንዳይበላሽ የወጣ ወጪ ነው።

እንዲያ ከሆነማ፣ ይላል ባለአደራው፣ አሁን መሬት አግኝቶ በሙሉ ጫማው ቆሟል፣ እንዲያ ከሆነማ የጥበቃ ወጪ ብዬ እይዘዋለሁ፣ ጡቡ ሲሸጥ ከድርሻ ክፍፍል በፊት ይከፈልዎታል፣ ደረሰኝ አሁኑኑ እሰጥዎታለሁ።

በፊት?

በፊት።

ስልኳ ጆሮዋ ላይ ነው። አንተ፣ የት ደረስክ፣ የጫንከውን ወደ ጡቡ አዙረው፣ አዎ ወደዚያው፣ ምን ሆንሽ አትበለኝ፣ ሆኛለሁ፣ ሁለተኛውንም መኪና አስከትል። ስልኩን ትዘጋና ፍሙን ታፈጥበታለች። እሳቱን አስተኝተህ እንዳትጠብቀኝ። አልተኛሁም እኮ አራት ቀን፣ ይላል ፍሙ። ተኝተህማ ቢሆን አንቄህ ነበር፣ ትላለች፣ ጉንጯ ላይ ግን የሆነ ነገር ላላ ብሏል።

ሪፖርቱን መሰላሉ ላይ አስደግፎ ይጽፋል። ድርሻው ተይዟል፣ ለባለአደራው ደርሷል፣ ምድጃው አልተነካም። እሳቱ እየነደደ ነው። ለዚህኛው ቅጹ ላይ ቦታ የለም፣ ጠርዙ ላይ ያሰፍረዋል፣ ጠርዝ ላይ ሲጽፍ የመጀመሪያው ነው፣ ኃላፊው ይጠይቀዋል፣ ይጠይቀው፣ ዳኛውም ያንብበው፣ ዳኛም እኮ ጡብ ቤት ነው የሚኖረው።

መሄድ ነበረበት። አልሄደም። መኪናው በቂጡ ይገባል፣ ሹፌሩ ይሳደባል፣ አብረውት የመጡት ሠራተኞች ከመኪናው እስከ ምድጃው ይደረደራሉ፣ ግንዱ ከእጅ ወደ እጅ፣ መሀል ላይ ግን አንድ ሰው ይጎድላል፣ ሰልፉ እዚያ ጋ ይንገዳገዳል፣ ጋሼ ከቆሙ አይቀር ይያዙ እንጂ፣ ይላል አንዱ፣ የፍርድ ቤት ሰው መሆኑን ያወቀም አይመስል፣ ወይ አውቆ ነው፣ ፋይሉን የት ላድርገው፣ ባለአደራው እጁን ዘርግቷል፣ እኔ እይዝልዎታለሁ ጌታው፣ አደራ፣ አደራማ ሥራዬ ነው፣ ግንዱ ይመጣል፣ ከበድ ይላል፣ ወገብ፣ ቀስ፣ ከፊቱ ያለው ሰው እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል፣ እንካ፣ ያዝከው፣ ቀጥል፣ ሌላ አምጡ