በእርሳስ የተጻፈ ግምት

በኮከብ መመልከቻው ጣቢያ አንድ የቆየ ሕግ አለ፤ የተለካ ቁጥር በብዕር፣ ግምት በእርሳስ ይጻፋል። ሁሉም «ጋሼ መነጽር» የሚሏቸው የመሣሪያ ጠባቂ ይህን ሕግ ሠላሳ ዓመት ሳያዛንፉ ኖረዋል።

ወጣቷ ተመራማሪ ግምታቸውን ያገኘችው አሮጌ መዝገብ ስታገላብጥ ነበር። ስለ አንዲት ግዙፍ ቀይ ኮከብ ከሰፈሩት ቁጥሮች ጎን፣ በደቃቅ የእርሳስ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «በየአሥር ወሩ ወዲህ ወዲያ ትላለች። የማትታይ ፕላኔት ሳትጎትታት አትቀርም።» አምስት ወር ሙሉ አስልታ እውነት መሆኑን አረጋገጠች። ጽሑፉን ስታዘጋጅ ግን ስማቸውን አላነሳችም። ነገ እነግራቸዋለሁ ስትል ነገ ሳምንት ወለደ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእሷ ዝምታ ግን ነቀዘ።

ዛሬ በስብሰባው ላይ የክፍሉ ኃላፊ ጽሑፉ ከቀትር በኋላ ለመጽሔት እንደሚላክ ተናግረው አሞገሷት። ከሰው ሁሉ ሞቅ አድርገው ያጨበጨቡት ከኋላ የተቀመጡት ጋሼ መነጽር ነበሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሰዉ ሲበተን መዝገቡን በብብታቸው ሸጉጠው ወደ ጠረጴዛዋ መጡ። ያን የምታህል ኮከብ ጭብጥ በማታህል ፕላኔት መጎተቷ አይግረምሽ፣ የእኔም ቤት እንዲሁ ነው ብለው በባለቤታቸው ቀለዱ። እሷ ሳቅ አልመጣላትም።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጽሑፉ ሲወጣ መዝገቡን ሊያዩ የሚመጡ አይጠፉም። ያቺን መስመር አጥፍቻታለሁ፣ ልጄ። ሰው አይቶ ስምሽን በክፉ እንዳያነሳ።»

«ያውቁ ነበር፣ ጋሼ?»

«መዝገቡን ከመደርደሪያ ያወረድኩልሽ እኔ አይደለሁ እንዴ? ደግሞ ግምት ነው፤ የለፋሽው አንቺ ነሽ።»

መዝገቡን ትተውላት ሄዱ። ገጹን ገለጠች። በላጲስ የተፋቀው ቦታ ሳስቷል፤ ወደ መስኮቱ ስታዘነብለው ግን የእርሳሱ ጭረት ጎድጉዶ ይታያል። ግምቱ አሁን ተለክቷልና፣ ፊደል በፊደል እየተከተለች በብዕር ጻፈችበት። ከሥሩ ስማቸውን አሰፈረች።

ሄዳ የኃላፊዋን በር አንኳኳች።

«ጽሑፉ ሳይላክ... አንድ ስም ጎድሎታል» አለች መዝገቡን ዘርግታ።

ኃላፊዋ አነበቡት፤ ደግመውም አነበቡት።

«ይህን የሚያህል ነገር እንዴት ረሳሽው?»

አንገቷን ደፋች። መውጫው ቀላል ነበር፤ «ረሳሽው» ሲሉ ኃላፊዋ ራሳቸው ከፍተውላታል።

«አልረሳሁትም» አለች።